ስታርች የጠጣ ሙታንታ

ሰፈሩ «ካውያው» የሚለው ልብስ ተኳሽ ሰውን የሚያውቀው በሙታንታው ነው። ስም፣ ማዕረግ፣ ዘመድ አዝማድ ለእሱ የላይ ሽፋን ነው። መንገድ ላይ አንድ ከረባት ያሰረ ሰው በትህትና እጁን ሲዘረጋለት ጎንበስ ብሎ ይጨብጠውና በሆዱ «አይ አንተ! ላስቲክህ ረግፎ በመርፌ ቁልፍ የያዝከው ሰውዬ፣ ዛሬ ደግሞ ከረባት!» ይላል።

ይሄን እውቀት ለማካበት ሃያ ስድስት ዓመት ፈጅቶበታል። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ያለችው ላውንደሪ ሁለት ክፍል ናት፤ የኋላዋን ታላቅ እህቱ ከሁለት ማጠቢያ ማሽንና ከሦስት ሳፋ ጋር ይዛታለች፣ የፊተኛዋን እሱ። መተኮሻ ጠረጴዛው ላይ የተነጠፈው ብርድ ልብስ በካውያ ተቃጥሎ ተቃጥሎ ነብር መስሏል። እህቱ የውሃ መርጫ ፕላስቲክ አምጥታለት ነበር፤ ዘወር ብሎም አላየው። እሱ አፉን በውሃ ይሞላና ጉንጩን እንደ እንቁራሪት ነፍቶ ፍፍፍፍ ያደርገዋል፤ ጠብታው እንደ ጉም ሸሚዙ ላይ ያርፋል። በዚህ የሚስተካከለው የለም፤ እውነቱን መካድ አይገባም። ችግሩ አፉ ውሃ ባልያዘበት ሰዓት ነው። ያኔ የአንዱን ጉድ ለሌላው እየተረከ፣ የቱ ሙታንታ ስንት ቦታ እንደተጣፈ፣ የማን ሚስት ፒጃማ ስንት ዓመት እንደቆየ ቁልጭ አድርጎ ይናገራል። ደንበኛው ይስቃል። ወጥቶ ግማሽ መንገድ ሲሄድ ነው «እኔ ስወጣስ ስለኔ ምን ይል ይሆን?» የሚለው ሐሳብ ብልጭ የሚልበት፤ ግን ልብሱን አንዴ ሰጥቷል፣ ምን ያድርግ።

ይሄ ሰው ሃይማኖት አለው ከተባለ ሃይማኖቱ ስታርች ነው። መሐረቡ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ለብቻው ይቆማል። የትራስ ልብሱ ጉንጭ ይቧጭራል። ከሁሉም በላይ የሚኮራው ግን በሙታንታው ነው፤ ነጭ፣ ወፍራም ጥጥ፣ ወገቡ እስከ እምብርት የሚደርስ፣ ፊት ለፊቱ ላይ ልክ እንደ ሱሪ ቀጥ ያለ መስመር የወጣለት። ማን ሊያይለት ነው? ማንም። እሱ ግን ያን መስመር ይዞ ሲሄድ ከሰው ሁሉ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ይመስለዋል። አንድ ጊዜ አግብቶ ነበር፤ ሚስቱ በሦስተኛው ዓመት ጥላው ሄደች። እሱ ሲያወራው «ንጽሕና አልተስማማትም» ነው። እህቱ ስታወራው «አንሶላው እንደ ሳንቃ ደርቆባት እንቅልፍ ብታጣ ነው፣ ምስኪን» ነው።

ሃምሳ አራት ዓመት ሲሞላው ይሄ ደረቅ ሰው ፍቅር ያዘው።

የያዘው ደግሞ የእትዬ መርፌ ፍቅር ነው። እትዬ መርፌ ከላውንደሪው ማዶ ክር፣ ላስቲክ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ካልሲና የውስጥ ልብስ የምትሸጥ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ስሙን ያወጡላት ለሱቋ ብቻ አይደለም፤ ስትናገር ትወጋለች፣ ግን ስፌት ትሰፋለች እንጂ ሰው አታቆስልም። ካውያው ዓመት ሙሉ ከሥራ ሲወጣ ወደ ሱቋ እየተሻገረ «ቁልፍ ጠፋብኝ» ይላል። የጠፋበት ቁልፍ ቢሰበሰብ ላንድ ክፍለ ጦር ሸሚዝ ይበቃ ነበር። አንድ ሐሙስ ግን ጉሮሮውን ጠራረገና፣

«እትዬ፣ ዓመት ሞላን እኮ» አላት።

«ምን ስንሠራ?» አለች፣ ላስቲክ በክንዷ እየለካች።

«እኔ ቁልፍ ስገዛ፣ እርስዎ ሲሸጡልኝ።»

«ታዲያ አልበቃዎትም? ደረትዎ ላይ ቦታ ቀረ?»

«ቁልፍ አይደለም የፈለግኩት። የፈለግኩትን እርስዎ ያውቁታል።»

እትዬ መርፌ ላስቲኩን ቆረጠችና አስቀመጠች። «አውቃለሁ» አለች። «እኔ ደግሞ እሁድ እሁድ ከጓደኞቼ ጋር ተራራ እንደምወጣ እርስዎ ያውቃሉ። ሰውን ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ አላውቀውም፤ ሻይ ላይ ሁሉም ጨዋ ነው። ደክሞት፣ ፀሐይ አናቱን መትቶት፣ እግሩን አሞት ሳየው ነው የማውቀው። የሞተውንም ባሌን እንዲያ ነው ያወቅኩት፣ ነፍሱን ይማረው። እሁድ ይምጡ። ጫፍ ድረስ እንውጣና መልሴን እዚያው ይሰማሉ።»

የካውያው አንጀት ቅቤ ጠጣ። ተራራ ማለት ምንድነው? ሃያ ስድስት ዓመት ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ የዋለ እግር!

እትዬ መርፌ ግን አልጨረሰችም። ከመደርደሪያው አንድ ጥቁር፣ እግሩ ጭን ድረስ የሚወርድ ሙታንታ አውጥታ ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው።

«ይሄን አድርገው ይምጡ። ጥጡን ለቤትዎ ይተዉት። ጥጥ ላብ ይጠጣል፣ የጠጣውን ግን አይለቅም፤ እንደረጠበ ጭንዎ ላይ ተጣብቆ ይውላል። ይሄ ይለጠጣል፣ ቶሎ ይደርቃል። እግሩ ረዘም ስለሚል ጭን ከጭን አይፋተግም። ስፌቱን ይዳብሱት፣ ጠፍጣፋ ነው፣ አይቆረቁርም። ዛሬ አጥበው ነገ ከነገ ወዲያ ሥራ ላይ ይልበሱት፤ አዲስ ልብስ ተራራ ላይ አይሞከርም። እሁድ ጠዋት ደግሞ ከቤት ሳይወጡ ብሽሽትዎንና ጭንዎን ቫዝሊን ያስነኩት። ከተላላጡ በኋላ መቀባት ትርፉ መንጨርጨር ነው።»

ሴትዮዋ ይሄን ሁሉ የተናገረችው ልክ ስለ ካልሲ እንደምትናገረው ነው፤ ዓይኗን እንኳ አልሰበረችም። ካውያው ግን ሙታንታውን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ አነሳው።

«ይሄ ልፍስፍስ! ይሄ እኮ ካውያ ሲነካው ይቀልጣል!»

«ማን ካውያ ያስነካው አለ?»

«ያልተተኮሰ ነገር ገላዬን ነክቶት አያውቅም እትዬ። የዚህን ሰፈር ሙታንታ ሁሉ የማውቅ ሰው፣ ለእኔ ሙታንታ ይመረጥልኝ?»

እትዬ መርፌ አፏን ገጥማ ሳቀች፤ አሳሳቋ እንዲያ ነው። «እንግዲህ ጭኑ የእርስዎ ነው» ብላ ሙታንታውን ወደ መደርደሪያው መለሰችው።

ቅዳሜ ካውያው ለእሁዱ ሙታንታ የተለየ ዝግጅት አደረገ። ስታርቹን እጥፍ አድርጎ በጠበጠው፤ ለጠረጴዛ ልብስ የሚበቃውን ለአንዲት ሙታንታ። ነክሮ፣ ጨምቆ፣ አስጥቶ፣ ውሃ ረጭቶ፣ ካውያውን እስኪጮህ ድረስ ተጫነው። ሲጨርስ ሙታንታው ጠረጴዛው ላይ ቆመ። እህቱ ከኋላ ክፍል እጇን እየጠረገች መጣችና አየችው። ጠጋ ብላ በጣቷ መገጣጠሚያ ኳ ኳ አደረገችው።

«ቤቶች!» አለች።

«እታለም፣ አትቀልጂ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ሙታንታ ነው ወይስ በር? ይሄን ለብሰህ ዳገት ልትወጣ?»

«ምን ይሆናል?»

«ስታርች ውሃ ሲነካው ምን ይሆናል? አንተ አይደለህ የምታውቀው! ሙጫ ይሆናል። ሙጫው ሲደርቅ ምን ይሆናል? ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ላብ ውሃ አይደለም እንዴ?»

«እኔ አይልበኝም» አለ ካውያው።

ሃያ ስድስት ዓመት እንፋሎት ውስጥ የኖረ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። እህቱ ቀና ብላ ጣራውን አየች፤ ከዚያ ወደ ሳፋዋ ተመለሰች።

እሁድ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በመጨረሻው የአውቶቡስ ማቆሚያ ተሰበሰቡ፤ ከእሱ ጋር አሥራ አንድ ሰዎች። መሪያቸው ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ናቸው፤ አንገታቸው ላይ ከተንጠለጠለው ነገር የተነሳ ጋሽ ፊሽካ ይባላሉ። ሆዱ ከሱ ቀድሞ የሚደርሰው ዳቦ ጋጋሪም አለ። ከወደ ጥግ ደግሞ ቀጭኗ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ቆማለች፤ እንደ እሱ ለመጀመሪያ ጊዜ መምጣቷ ነው፣ ፊቷ ግን ከብዙ ቀን በኋላ ደጅ የወጣ ሰው ፊት ነው፣ ሰማዩን ደጋግማ ታያለች። ሌሎቹም ያው የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ከላይ የለበሱት ግን ለካውያው ዓይን ሐዘን ነበር። የደበዘዘ ቱታ፣ የተጨማደደ ካናቴራ። እሱ ሱሪው ላይ ያለው መስመር ሽንኩርት ይከትፋል፤ ሸሚዙ ነጭ፣ ኮሌታው እንደ ሰሌዳ ቀጥ ያለ። በእያንዳንዱ ሰው ላይ ዓይኑን አሳረፈና በሆዱ የእያንዳንዱን ሙታንታ ቆጠረ። አንድም የሚያስቀና አላገኘም።

የመጀመሪያው ሰዓት የእሱ ሰዓት ነበር። ከእትዬ መርፌ ጎን ሆኖ ደረቱን ነፍቶ፣ ስለ ሐር አተኳኮስ እያስረዳት፣ ድንጋይ ሲመጣ እጁን እየዘረጋላት ወጣ። እሷም እጁን ያዘች። ሁለት ጊዜ ያዘች! እሱማ ቆጥሯል።

በሁለተኛው ሰዓት ፀሐይዋ ከኮረብታው ጀርባ ብቅ አለችና «አይልበኝም» ያለውን ሰው ላብ አጠመቀው። ላቡ ከጀርባው ተነሥቶ በወገቡ አድርጎ ወደ ታች ወረደ። መጀመሪያ ሙታንታው ለሰስ አለለት፣ እንደውም ደስ አለው። ከዚያ ተጣበቀ። በአንድ በኩል ሲያላቅቀው በሌላው በኩል ይይዘዋል። ትንሽ ቆይቶ ንፋስ ያለበት ጠርዝ ላይ ወጡና ደረቀ፤ ሲደርቅ የእግሩ ማስገቢያ ዙሪያው እንደ ተቆረጠ ቆርቆሮ ጠርዝ ሆነ። እርምጃ ባነሳ ቁጥር ከግራ ቀኝ ይጋጠው ጀመር። ያ የሚኮራበት የፊት መስመር ደግሞ ሥራውን ጀመረ፤ የት ላይ እንደሆነ መናገር ነውር ነው።

ካውያው መሄዱን ሳያቆም እግሩን ማራራቅ ጀመረ። አንድ ስንዝር። ሁለት ስንዝር።

«ምነው ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?» አለች እትዬ መርፌ።

«ምን ያመኛል! ጡንቻዬ እየተፍታታ ነው።»

ሰፊ ጠፍጣፋ አለት ላይ ሲደርሱ ጋሽ ፊሽካ ነፉ። «የቅባት ሰዓት!» አሉ።

የዚህ ቡድን ወግ ነው። እዚያ አለት ላይ ሲደረስ ወንዶች ወደ ግራ ቋጥኝ፣ ሴቶች ወደ ቀኝ ቋጥኝ ይሄዳሉ፤ በየጎኑ አንድ አንድ የቫዝሊን ቆርቆሮ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የረጠበበት ይለውጣል፣ የፈገፈገው ይቀባል፣ ማንም ማንንም አያይም፣ ማንም አይስቅም። ጠዋት ቤታቸው የተቀቡት እንኳ ይደግማሉ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሁሉም ሄደ። ካውያው ብቻ በአለቱ መሐል እንደ ሐውልት ቆሞ ቀረ።

«ጋሽ ካውያ፣ ይምጡ እንጂ!» አለው ዳቦ ጋጋሪው ከቋጥኙ ኋላ ራሱን አውጥቶ። «እዚህ የሚያፍር የለም። ቅያሪም ይዣለሁ፣ ከፈለጉ።»

«እኔን ምድጃ ልትከተኝ ነው የምትቀባኝ?» አለ ካውያው። «ያንተን ቅያሪ ደግሞ እዚያው ያዘው፤ አውቀዋለሁ!»

ያኔ ቆርቆሮውን ቢቀበል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን ካውያው ተላልጦ መሞትን ቫዝሊን ተቀብቶ ከመኖር የሚመርጥ ጅል ነው፤ ጅልነቱን ደግሞ ክብር ይለዋል።

ሲነሱ ነገሩ ባሰ። በቆመበት የደረቀው ሁሉ ከቆዳው ጋር ተማምሎ ነበር፤ እግሩን ሲያነሳ የሆነ ነገር ቅርፍ ብሎ ተላቀቀ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ በኋላ ያለውን አካሄድ ከሩቅ ያየ ሰው በቅሎዋ ጠፍታበት ኮርቻው ብቻ የቀረ ባላባት ነው የሚመስለው። ከኋላው የሚመጣው ዳቦ ጋጋሪ ብዙ ቻለ፤ በመጨረሻ ግን አልሆነለትም።

«ጋሼ፣» አለ፣ «በቅሎዋን የት አሰሩልዎት?»

አሥሩም ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ደክሟቸው ነበር፣ ደክሞት የሚስቅ ሰው ሳቅ ነው። ግን እትዬ መርፌም ሳቀች፤ ያውም ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፍታ። ካውያው ምድር ጠበበችው። ከጭኑ ይልቅ ያ ሳቅ ለበለበው። ሳቁን ከራሱ ላይ አንስቶ ሌላ ሰው ላይ መጣል ነበረበት፤ ለዚህ ደግሞ የሚያውቀው መሣሪያ አንድ ነው።

«ሳቅ!» አለ ወደ ዳቦ ጋጋሪው ዞሮ። «አንተማ ሳቅ! ሙታንታህ መቀመጫው ላይ በዱቄት ጆንያ የተጣፈ ሰውዬ! ጽሑፉ እንኳ ገና አልለቀቀም፤ ‹ከእርጥበት ይጠበቅ› ይላል!»

ዳቦ ጋጋሪው ትንሽ አሰበና «እውነት ነው» አለ። «ጨርቁ ጠንካራ ነው። ለስላሳ እስኪሆን ነው እንጂ ከሆነ በኋላ የሚያክለው የለም።» ሰዎቹ ደግሞ ሳቁ፤ አሁንም የሳቁት በካውያው ነበር። ካውያው ግን ይሄን አልለየም፤ መንገዱ የተከፈተለት መሰለው።

«ጋሽ ፊሽካስ? ጡንቸኛው አስተማሪ! በሱሪያቸው ስር የሚያደርጉት የሴት ታይት ነው፤ የሚስታቸው! እኔ ነኝ የማጣጥፈው!»

ጋሽ ፊሽካ ቆሙ። ጎንበስ ብለው የሱሪያቸውን እግር እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡት። ጥቁር ታይት፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ትንሽ አበባ የተጠለፈበት። «አሥራ ሦስት ዓመት» አሉ፣ «አንድ ቀን ሳልላጥ። ሚስቴ ናት የመከረችኝ።» ሱሪያቸውን መልሰው ለቀቁና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ማንም አላፈረም! ካውያው ይሄ ሲገጥመው የመጀመሪያው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ያጠራቀመው መሣሪያ ሁሉ እጁ ላይ ጭቃ ሆነበት። ጭኑ ይነዳል፣ እትዬ መርፌ ከፊቱ ትሄዳለች፣ ዘወር ብላም አታየው። ያኔ ነው ከሣጥኑ ሥር ያለውን የመዘዘው።

«ይሄ ምን አላት!» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ከነዚህ ሁሉ የባሰ እዚህ መሐላችን አለ። ሰባት ወር ሙሉ፣ በየማለዳው፣ ሰው ሳያያት አንሶላ በላስቲክ ጠቅልላ የምታመጣ አለች። የረጠበ አንሶላ! ሽታው እህቴን ቁርስ አስጠላት። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ እንግዲህ ማን እንደሚያረጥበው እናንተው ድረሱበት!»

የሳቀ የለም። የማንም እግር አልተንቀሳቀሰም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምትሠራው ቀጭኗ ሴት የያዘችውን የውሃ ፕላስቲክ ክዳኑን ዘጋች፤ ከፈተች፤ ደግሞ ዘጋች።

«አባቴ ነው» አለች። «ታሞ ተኝቶብኝ ነው። ዛሬ ጎረቤቴ ‹እኔ እጠብቀዋለሁ፣ አንቺ ነፋስ ተቀበዪ› ብላኝ ነው የወጣሁት። በሰባት ወር ዛሬ ነው የወጣሁት።»

ካውያው አፉን ከፈተ። «እኔ… ስም ጠራሁ እንዴ?» አለ። «ስም አልጠራሁም እኮ!»

እትዬ መርፌ ወደ ሴትየዋ ሄደችና ቦርሳዋን ተቀብላ በራሷ ትከሻ ላይ አደረገችው። ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደ ላይ ወጡ። ሌሎቹም ተከተሉ። የካውያውን ጎን የሚይዝ ሰው ጠፋ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይመለስ ነበር። እሱ ግን «ጫፍ ድረስ» የተባለችውን ቃል ይዟል፤ ውል ውል ነው ብሎ ጥርሱን ነክሶ ወጣ። አንዳንዴ በጎኑ፣ አንዳንዴ በአራት እግሩ፣ አንዴም ወደ ኋላ እየተራመደ። ያቺን የመጨረሻ ዳገት ሌሎቹ በሃያ ደቂቃ የወጧትን እሱ ሰዓት ፈጀባት። ሲደርስ ብርቱካናቸውን ልጠው በልተው፣ ልጣጩን ሰብስበው፣ ለመውረድ ጫማቸውን እያሰሩ ነበር። ነጭ ሸሚዙ ተርመጥምጧል። ሱሪው በውስጥ በኩል ሁለት ቦታ ላይ ቀላ ያለ ነገር አሳልፏል።

በቀጥታ ወደ እትዬ መርፌ ሄደ።

«ወጣሁ!» አላት።

«አየሁ» አለች።

«እንግዲህ ቃልዎ ቃል ነው። መልሴን።»

«ቃሌ ቃል ነው። አይሆንም ጋሼ።»

ካውያው እግሮቹን ወደ ታች አየ። «ለዚህ ነው? ይሄ እኮ በሦስት ቀን ይድናል! የሚቀጥለው እሁድ ያንን ጥቁሩን እለብሳለሁ፤ ሳልተኩስ እለብሳለሁ!»

«እግርዎ ምን አደረገኝ» አለች እትዬ መርፌ፣ ቀስ ብላ። «እንደውም እግርዎ ውለታ ዋለልኝ። ደህና ሆኖ ቢሆን ኖሮ አፍዎን ሳላውቅ እቤቴ አስገባዎት ነበር። ሰው ሲያመው ‹እናቴ› ይላል። እርስዎ ሲያመዎት የሰው አባት አንሶላ አወጡ። እኔም አንድ ቀን እታመማለሁ፣ አረጃለሁ። ያኔ የኔን ለማን ነው የሚያወጡት?»

«ለርስዎማ—»

«ተዉት ጋሼ። በቃ።» ቦርሳዋን አነሳች።

እዚያ ላይ ያለው ጀግናችን የመጣበትን ያጣ ሰው ሆኖ አንድ ድንጋይ ላይ ሊቀመጥ ፈለገ፤ መቀመጥም አልቻለም። ጋሽ ፊሽካ ቀረቡትና የቫዝሊኑን ቆርቆሮ ዘረጉለት።

«ሌላ መውረጃ የለም ወይ?» አለ ካውያው። «መኪና የሚደርስበት?»

«የለም። በወጣህበት ነው የምትወርደው። እንዲህ ሆነህ ከወረድክ ሳምንት አትነሣም። ያንን ነገር አውልቀህ ጣለው፣ በውሃ እጠበው፣ እስኪደርቅ ጠብቅ፣ ከዚያ ተቀባ።»

ዳቦ ጋጋሪውም ቅያሪውን፣ ያንን ጆንያ የተጣፈበትን፣ ከቦርሳው አውጥቶ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠለት። ካውያው ቆርቆሮውን ወሰደ፤ የሰውየውን ሙታንታ ግን ዓይኑንም አላሳረፈበት። ከቋጥኝ ኋላ ሄደ። መጀመሪያ ውሃ ሲፈስ ተሰማ። ከዚያ አንድ ድምፅ፤ ጩኸትም አይደል ልቅሶም አይደል፣ የታነቀ ነገር ነው። ሲወጣ ያንን ስታርች የጠጣ ጉድ አጣጥፎ በጋዜጣ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞታል። መጣል እንኳ አልቻለም፤ ለካ እንዲያም ሆኖ ይወደዋል።

አሥሩም ሰዎች ቆመው ይጠብቁት ነበር። ካውያው ጉሮሮውን ጠራረገ። አንድ በአንድ አያቸው፤ የቤተ መጻሕፍቷን ሴት ሲደርስባት ዓይኑን ዘለላት።

«ይሄ ነገር» አለ፣ «እንግዲህ እዚሁ ይቅር። እዚሁ በእኛ መሐል። ለሰው እንዳይወራ። አደራ።»

አደራ! ከማን አፍ!

ጋሽ ፊሽካ ነፉና ወረዱ።

የሚገርመው ግን ይሄ ነው፤ አሥሩም ትንፍሽ አላሉም። ሰኞ ዳቦ ጋጋሪው ዳቦውን ሸጠ፣ ጋሽ ፊሽካ አበባቸውን አጠጡ፣ እትዬ መርፌ ላስቲክ ለካች፤ ስለ ተራራው የጠየቃቸውን ሁሉ «ደህና ነበር፣ ፀሐይዋ ትንሽ ከረረች» አሉት። ካውያው ግን ይሄን ማመን አልቻለም። ሰው የሰውን ጉድ ይዞ ዝም ይላል? በሩን ገፍቶ የሚገባውን ሁሉ ፊቱን ያነባል። አንዱ ፈገግ ሲል «ሰምቷል» ይላል። ሌላው ሳይስቅ ሲቀር «ሰምቶ ነው የያዘው» ይላል። ማክሰኞ እንዲሁ፣ ረቡዕ እንዲሁ። ሐሙስ ጠዋት የፎቶ ቤቷ ሴትዮ የጠረጴዛ ልብሶቿን ይዛ ገባችና ገና «እንዴት አደሩ» ሳትል፣ ካውያው ከዚያ ወዲያ አልቻለም።

«ሰምተሻል አይደል?» አላት።

«ምኑን?»

ያልሰማች መሆኗን ሲያይ ፊቱ በራ። «እሁድ ተራራ ሄደን የሆነውን! ያ ዳቦ ጋጋሪ፣ ያ ሆዳሙ! ስታርች የበዛበት ሙታንታ ለብሶ መጥቶ ጭኑ እንዴት እንደተላላጠ ብታዪ! እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው። እኔ ነኝ ደግፌ ያወረድኩት። እትዬ መርፌ እንኳ ብትለምነኝ ብትለምነኝ፣ ‹አይ፣ መጀመሪያ ይሄን ምስኪን ቤቱ ላድርሰው› ብዬ ነው የተውኳት…»

ይሄን ሁሉ ሲያወራ ከጠረጴዛው ኋላ ሁለት እግሮቹን አንድ ክንድ አራርቆ፣ ሱሪውን በጣቶቹ ከገላው አርቆ ይዞ ነው የቆመው። ሴትዮዋ ወደ ላይ ፊቱን ታያለች፣ ወደ ታች እግሩን ታያለች፤ ደግሞ ፊቱን ታያለች።

ከኋላ ክፍል የውሃው መንቦጫረቅ ቆመ። እህቱ እስከ ክንዷ አረፋ ተነክራ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ብቅ አለች። አንድ ነጭ፣ ወፍራም ጥጥ ሙታንታ በሁለት እጇ ዘርግታ ይዛለች፤ አራት ቀን ተዘፍዝፎ የፊቱ መስመር ገና አልጠፋም።

«ታዲያ የዳቦ ጋጋሪው ሙታንታ» አለች፣ «እኛ ሳፋ ውስጥ ምን ይሠራል?»